ያላመጣሁት መርዶ

በዕድሜዬ ብዙ ነገር ይዤ ናዝሬት ገብቻለሁ። ልጅ ሆኜ ከሁሩታ ሁለት ዶሮ አንጠልጥዬ ገብቻለሁ። ሌላ ጊዜ ኩፍኝ ይዤ ገብቼ ሰፈሩን ያለ አድልዎ አዳርሻለሁ። መርዶ ይዤ የገባሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ማንም ሞተ ሳይባል፣ እኔም መርዶ መያዜን ሳላውቅ፣ ጥርሴን እያሳየሁ ነው የገባሁት። ነገሩ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ግን ዛሬም ትዝ ሲለኝ ክው እላለሁ። ብቻዬን ስደነግጥ ከምኖር እናንተም ትንሽ ደንግጡልኝ ብዬ ነው የማወጋችሁ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ቢሆንም ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ላይ ስለሆነ ላስታውሳችሁ። መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይመጣም፤ ሁለት ሦስት ሆኖ ነው። የሚመጣው በጠዋት ነው። ጠቆር ያለ ልብስ ይለብሳል። ሐዘኑ ወደሚገባበት ቤት በቀጥታ አይሄድም፤ መጀመሪያ ጎረቤት ይገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዳትነግሯት፣ ሰው ይሰብሰብና አንድ ላይ እንገባለን» ይላል። እኔ ያን እሑድ ከእነዚህ አንዱንም አላጎደልኩም። አስጠንተው ቢልኩኝ ኖሮ እንኳ አንዱን እረሳ ነበር።

ጊዜው ደግሞ የደርግ ጊዜ ነው። በየቤቱ አንድ ሁለት ልጅ ሰሜን ጦር ሜዳ ነበር፤ እናቶች የግቢያቸው በር በተንኳኳ ቁጥር የያዙትን ዕቃ የሚለቁበት ዘመን። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ይህን ሁሉ የማውቀው በሬዲዮ ነበር። በሬዲዮ ደግሞ ሁልጊዜ እያሸነፍን ነበር።

ሁሉም የተጀመረው በእኔ ጉራ ነው። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ ሥራዬም ከአንዱ መደርደሪያ ፋይል አውርጄ ሌላው ላይ መስቀል ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው ጉራ ካልነዛ በምን ይኖራል? ሻይ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ወሬዬ ትውልድ ከተማዬ ናዝሬት ነበር። እዚያ የማያውቀኝ የለም፣ ስገባ ጋሪ ይቆማል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቁኛል እል ነበር። ናዝሬትን ከለቀቅሁ አሥራ አንድ ዓመት መሙላቱን፣ በእነዚያ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አለማየቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበርና ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር አብረን ሄድን፤ ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ ስል ዓመቱ አለቀ።

ጉራዬን ከሚያዳምጡት ሁለቱ ጓደኞቼ ናቸው። አንዱ መስፍን የሒሳብ ክፍል ሰው ነው። ደረሰኝ ያላየበትን ነገር አያምንም፤ እናቱ «ወልጄሃለሁ» ስትለው እንኳ ምስክር የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነው። ሌላው በቀለ ተቃራኒው ነው፤ የተባለውን ሁሉ ያምናል፣ ሆዱም ቅርብ ነው። በሬዲዮ ድራማ ያለቅሳል። አንዴ የአየር ጠባይ ዜና ሰምቶ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ይዤዋለሁ። በቀለ አንዲት አሮጌ ቮልስ ነበረችው።

አንድ ቀን መስፍን ሰለቸውና «በቃ ወስደህ አሳየና» አለኝ። በቀለ የወሩን የነዳጅ ኩፖን ሳይነካ አጠራቀመ። ጠዋት ናዝሬት ገብተን እትዬ ዘነበችን ጠይቀን፣ ከዚያ ሶደሬ ወርደን ስንዋኝ ልንውል ተስማማን።

እትዬ ዘነበች ማለት ጎረቤታችን የነበሩ ሴት ናቸው። እናቴ በታመመች ጊዜ ዓመት ሙሉ ያበሉኝ፣ ያጠቡኝ፣ የገረፉኝም እሳቸው ናቸው። ከባላቸው ከጋሽ ወልዴ የወለዱት ታምሩ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ ከእኔ ጋር በአንድ ሳህን በልቶ ያደገ። ከናዝሬት ስንወጣ ታምሩ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሊቀጠር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የሰማሁት የለም፤ መች ጠይቄ።

ልብሱን በተመለከተ ትእዛዝ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የናዝሬት አቧራ ለነጭ ልብስ አያዝንም፣ ጠቆር ያለ ልበሱ አልኳቸው። ሁለቱም እሺ አሉ። እኔማ ለእህቴ ሠርግ የተሰፋልኝን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለበስኩ፤ ጥቁር መነጽርም ከጎረቤት ተዋስኩ። ፀሐዩ ሳይበረታ እንግባ ብዬ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ከአዲስ አበባ አስወጣኋቸው። የቮልሷ መስኮቶች ከወረዱ በኋላ የመመለስ ልማድ አልነበራቸውም። የማለዳው ንፋስ ፊት ፊታችንን ሲለን ሞጆ ስንደርስ የሦስታችንም ዓይን ደም መስሏል፤ የበቀለማ እንባው እስከ አገጩ ወርዷል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ናዝሬት ገባን። የመጀመሪያው ድንጋጤ እዚያው ነው፤ ከተማው እኔን ሳይጠብቅ አድጓል። የማውቀው ሜዳ ላይ ፎቅ ቆሟል፣ የማውቀው ፎቅ ላይ የማላውቀው መፈክር ተሰቅሏል። አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን እያበረረ በአጠገባችን አለፈ። መስፍን ቀስ ብሎ «ጋሪው አልቆመም» አለኝ። አላየኝም ብዬ መለስኩለት።

መኪናዋን ከሰፈሩ ራቅ አድርገን አቆምናት። የሞተሩን ድምፅ ሰምተው እንዳይወጡብኝ ነው፤ እትዬ ዘነበችን ድንገት ማስደሰት ፈልጌያለሁ። ከጣቢያው ጀርባ ባለችው መንገድ ሦስታችን ጎን ለጎን ሄድን። ጫማዬ ስለጠበበኝ በዝግታ ነው የምራመደው። የፈረስ ፋንድያ እንዳልረግጥ ደግሞ አንገቴን ደፍቻለሁ። ሁለት ሴቶች ውሃ ቀድተው ሲመለሱ አዩንና ባልዲያቸውን መሬት አስቀምጠው ተያዩ። እኔ በልቤ አወቁኝ አልኩ።

ከእትዬ ዘነበች ፊት ለፊት ያለው የጋሽ ቱፋ ግቢ ነው። ጋሽ ቱፋ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ልጅ ሆነን ቁጣቸውን የምንፈራው። በሩን አንኳኳሁ። መፋቂያቸውን እንደነከሱ ወጡ። እንዴት አደሩ ለማለት የልጅነቴን ኦሮምኛ አሰባስቤ «አካም ቡልተኒ?» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና ለዩኝ፤ የባቡሩ ሰውዬ ልጅ፣ የታምሩ ጓደኛ። ከዚያ ጓደኞቼን አዩ። የበቀለን ዓይን አዩ። መፋቂያው ከአፋቸው ወደቀ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እትዬ ዘነበች አሉ?» አልኩ።

«ቅዳሴ ሄዳለች።»

«እንኳን አልኖሩ። መምጣታችንን እንዳይሰሙ አደራ። መጀመሪያ የድሮ ጎረቤቶች ይሰብሰቡልኝና ሲመጡ አንድ ላይ እንገባለን።»

ጋሽ ቱፋ በሩን ደገፍ አሉ። «ያ ረቢ» አሉ በትንሹ። ሦስት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ከአዲስ አበባ አሉኝ፤ አዎ፣ ማልደን ነው የተነሣነው አልኩ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ምንም እንዳልናገር፣ ሁሉንም እሳቸው እንደሚያደርጉት ነግረው ወደ ግቢያቸው አስገቡን። ወደ መስፍን ዞሬ አየኸው አልኩት በዓይኔ።

ያኔ ያላወቅሁትን ለእናንተ አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ እኔ ብቻ ልሞኝ። ታምሩ ስኳር ፋብሪካውን ከለቀቀ ቆይቷል። ወታደር ሆኖ ሰሜን ከዘመተ አራት ዓመቱ ነው። በየወሩ ይመጣ የነበረው ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ ስምንት ወር አልፎታል። ሰፈሩ በሙሉ ስምንት ወር ሲፈራ የኖረው እኛን ነበር። ጥቁር የለበሱ፣ ዓይናቸው የቀላ ሰዎች በማለዳ መጥተው የጋሽ ቱፋን በር እስኪያንኳኩ ሲጠብቅ ነው የኖረው።

ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ግቢው ሞላ። ሰዎቹ የሚገቡት አንድ አንድ እያሉ፣ በጓሮ በር፣ ኮቴአቸውን አጥፍተው ነው። እኔ ይህን ሁሉ ለድንገተኛ ደስታው ምስጢር ጥበቃ አድርጌ ወሰድኩት። እያንዳንዳቸው መጥተው እጄን ይጨብጡኛል፣ ትከሻዬን ይመቱኛል፣ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ ድሮ ብስኩት ይሸጡልን የነበሩ፣ ሲያዩኝ እሪ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሁለት ሴቶች በነጠላ አፍነው ጓዳ ወሰዷቸው። እኔ ለበቀለ ሴትዮዋ ድሮም በጣም ይወዱኝ እንደነበር ነገርኩት። በቀለ አዘነላቸውና እሱም ጀመረው። የእሱን ማልቀስ ያዩ ሁሉ አንገታቸውን ሰበሩ።

ከዚያ በጋሪ የተጫነ ድንኳን መጣ። ቀጥሎ አግዳሚ ወንበሮች መጡ፣ አንድ በግ የሚውጥ ብረት ድስትም መጣ። ድንኳን ለሠርግም ይተከላል፤ እኔ ደግሞ ያን ቀን ከሠርግ በታች የሚያስብ አእምሮ አልነበረኝም። በመጨረሻ አንድ ቀጭን ሰውዬ ካፖርቱ ሥር ጥሩምባ ደብቆ ገባና ጥግ ይዞ ቆመ። መስፍንን በክርኔ ጎሰም አድርጌ ሙዚቃም አለ አልኩት። መስፍን ዙሪያውን ሲቃኝ ቆይቶ «ስማ፣ አንተ እዚህ አገር ምን አድርገህ ነበር?» አለኝ። ሰው መውደድ ነው ያደረግሁት ብዬ መለስኩ። ይህን ስናገር አለማፈሬ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የቀበሌው ጓድ መጣ ተባለ። ካኪ የለበሰ፣ ኮፍያ የደፋ ሰው ነው። ወደ እኔ ቀርቦ በአክብሮት ወረቀት ይዛችሁ ከሆነ አለኝ። ያኔ ከከተማ ወደ ከተማ ሲኬድ የይለፍ ወረቀት ይያዝ ነበርና አውጥቼ ሰጠሁት። ማህተሙን ብቻ አይቶ አጠፈው፤ ኮፍያውን አወለቀና ቀበሌው ከጎናችሁ ነው ብሎ እሱም ተቀመጠ። መንግሥት ሳይቀር ኮፍያውን ሲያወልቅልኝ በእውነት ሆዴ ባባ። የምስጋና ንግግር በልቤ ማዘጋጀት ጀመርኩ። አገር ልጁን አይረሳም በሚል ነበር የሚጀምረው።

ጋሽ ቱፋ ወደ ግቢው ጥግ ጠሩኝ። ዘነበች ከቅዳሴ ስትመለስ መጀመሪያ እህል እንድትቀምስ ይደረጋል አሉኝ። ጥሩ ነው፣ አብረን እንበላለን አልኩ።

«አንተ ትነግራታለህ ወይስ እኔ ልንገራት?»

«እኔ ነኝ እንጂ ጋሽ ቱፋ። ከኋላቸው ሄጄ ዓይናቸውን ነው የምሸፍናቸው።»

ጋሽ ቱፋ በሐዘን ብዛት አእምሮዬ የተነካ መሰላቸው። ጠጉሬን ዳበሱኝ። «ልጄ፣ ወንድምህ ነውና አይፈረድብህም። ይህን ብቻ ንገረኝና ልረፍ። ታምሩን እዚያው ቀበሩት?»

«ታምሩን?» አልኩ።

ክው አልኩ። ጆሮዬ ጭው አለ። በአንድ አፍታ የሰዉ ዝምታ፣ የሴትዮዋ እሪታ፣ የበቀለ እንባ ሳይቀር ትርጉም አገኘልኝ፤ ግን የተገላቢጦሽ ነው ያገኘው። ለካ ታምሩ ሞቷል፤ ይህ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው እኔን ሊያረዳ ነው ብዬ አሰብኩ። በአንድ ሳህን የበላሁት ልጅ ሞቶ እኔ ለሶደሬ ቁምጣ ይዤ መጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ ራሴን አልያዝኩም። «ወንድሜን! ታምሩዬን!» ብዬ ጮህኩ፤ ጥቁሩን ሙሉ ልብሴን እንደለበስኩ መሬት ላይ ተደፋሁ።

መርዶ ነጋሪው ራሱ ከጮኸ ሌላው ምን ይጠብቃል? ግቢው በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ጓዳ የታፈኑት ሴትዮ አምልጠው ወጡ። ጥሩምባ ነፊው ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀመውን ትንፋሽ ለቀቀው። የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን ይዘው መንገዱን ተሻገሩና እትዬ ዘነበች በር ላይ ተከሉት፤ እንዲህ በፍጥነት የተተከለ ድንኳን ከዚያ ወዲህ አላየሁም። አንዷ ሴት የታምሩን ጀግንነት እየጠራች ታስለቅሳለች። ከሁሉም የባሰው ግን ታምሩን በዓይኑ አይቶት የማያውቀው በቀለ ነው። ደረቱን እየደቃ ሲያለቅስ ሰዎች ይህ ታላቅ ወንድሙ ይሆን እያሉ ይጠያየቁ ነበር።

መስፍን ብቻ አላለቀሰም። አንገትጌዬን ይዞ ከመሬት አነሣኝ።

«ማን ነው የሞተው?»

«ታምሩ» አልኩት እየተንሰቀሰቅሁ።

«ማን ነገረህ?»

በጣቴ ጋሽ ቱፋን አሳየሁት። መስፍን ወደ እሳቸው ዞረ። «እርስዎስ ከማን ሰሙ?»

ጋሽ ቱፋ እንባቸውን እየጠረጉ «ከእሱ ነዋ» አሉ እኔን እያሳዩ።

እኔ ከጋሽ ቱፋ ሰምቻለሁ፤ ጋሽ ቱፋ ከእኔ ሰምተዋል። ሦስታችን ተፋጥጠን ቀረን። በዙሪያችን ያለው ለቅሶ ደግሞ እየበረታ ነው። ጋሽ ቱፋ ታዲያ ለምን መጣችሁ ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ከመናገር ሌላ ምን ምርጫ አለኝ? ለሽርሽር ነው አልኩ። ልንዋኝ። ስለ ታምሩ ምንም እንደማላውቅ፣ ስኳር ፋብሪካ ያለ ይመስለኝ እንደነበር ነገርኳቸው። ስለ ዘመቻውና ስለ ስምንቱ ወር የሰማሁትም ያን ጊዜ ከእሳቸው አፍ ነው። ሰው ደንግጦ ሲጨርስ እንደገና መደንገጥ እንደሚችል ያን ቀን ተማርኩ።

ጋሽ ቱፋ ሰዉን ዝም ሊያሰኙ እጃቸውን ሲያነሡ ከመንገዱ ጫፍ እትዬ ዘነበች ብቅ አሉ።

ከቅዳሴ ነው የሚመጡት፤ ነጭ ለብሰዋል። ድንኳኑን አዩት። የማን በር ላይ እንደተተከለ አዩ። ቆሙ። ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ አልጮኹም። ሁለት እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ራሳቸው አነሡና ሻሻቸውን መፍታት ጀመሩ።

ያን እንቅስቃሴ ማየት አልቻልኩም። ሮጥኩ። አንዱ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀረ። «አልሞተም! እትዬ ዘነበች፣ አልሞተም!» እያልኩ ፊታቸው ደረስኩ። እጃቸው ሻሻቸው ላይ እንዳለ ቆመ። በጥቁሩ መነጽር አልለዩኝም፤ አወለቅሁት። ስሜን በትንሹ ጠሩኝ። ከዚያ «አልሞተም?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ስህተት ነው፣ እኔም ምንም የማውቀው የለም ማለት ነበረብኝ። ብዙ ሌሊት ተኝቼ ያን መልስ በልቤ ብዬዋለሁ። ነገር ግን ጣታቸው ገና ሻሻቸውን አልለቀቀም፤ አልሰማሁም ብላቸው የሚፈቱት መሰለኝ። ምላሴ ቀደመኝ።

«አየሁት እኮ። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ አየሁት።»

እልልታው ለቅሶው ካቆመበት ቀጠለ። ሰው ተቃቀፈ። ጥሩምባ ነፊው ለደስታ ምን እንደሚነፋ ስላላወቀ ያንኑ ደገመው። ለሐዘን የተጣደው ድስት የደስታ ሆነ። በቀለ ከአሁን በፊት ያለቀሰው ሳይበቃው በደስታ እንደገና አለቀሰ። መስፍንና ጋሽ ቱፋ ብቻ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል።

ሰዉ ከበበኝ። ከስቷል ወይ ሲሉኝ ወፍሯል እላለሁ። ለምን አይጽፍም ሲሉኝ ቦታ ተቀይሮ ነው እላለሁ። ጢም አሳደግሁት፣ ማዕረግ ጨመርኩለት፣ በግዳጅ ላይ ስላለ ለአንድ ቀን ብቻ መጥቶ ተመለሰ አልኩ። ያን ያህል ዓመት የነዛሁት ጉራ ለካ ልምምድ ነበር። በተናገርኩ ቁጥር ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር፤ ልጁ የት እንዳለ አላውቅማ። እትዬ ዘነበች አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። በመጨረሻ እጄን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝና በሩን ዘጉት።

በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ውሃ በጣሳ ሰጡኝ። እስክጠጣ ጠበቁ።

«ስለ አባቱስ ጠየቀህ?»

«እንዴታ፣ ለጋሽ ወልዴ ሰላም በልልኝ አለኝ።»

ጣሳውን ከእጄ ተቀበሉኝ። «አባቱ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። ታምሩ ፈቃድ ተሰጥቶት መጥቶ አፈር ያለበሳቸው ራሱ ነው።»

የምገባበት ጠፋኝ። ጋሽ ወልዴ ብስክሌት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ኮርቻውን ከኋላ ይዘው ያንን መንገድ ከላይ እስከ ታች አብረውኝ ይሮጡ ነበር። እንኳን ለቅሶ ልደርስ መሞታቸውን ሳልሰማ ሦስት ዓመት ሙሉ ናዝሬት ስገባ ጋሪ ይቆማል እል ነበር። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

«አላየኸውም» አሉ።

«አላየሁትም።»

«የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«አላውቅም እትዬ ዘነበች። ምንም አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ፤ አሁኑኑ ወጥቼ ለሰዉ እውነቱን እናገራለሁ።»

ልነሣ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም።

«ተቀመጥ። ስምንት ወር እነዚህ ጎረቤቶቼ ሲያዩኝ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። እኔ ልጄ አለ ስል እነሱ ዝም ይሉኛል፤ ከንፈራቸውን ሊመጡልኝ ነው የሚጠብቁት። አንድም ሰው ከእኔ ጋር ሆኖ ልጅሽ አለ የሚል አልነበረም። ዛሬ አንተ አለ ስላልካቸው እልል አሉ፤ በጆሮዬ ሰማሁ። ብቻዬን ስጠብቀው ደክሞኛል ልጄ። አትንገራቸው፤ አብረውኝ ይጠብቁት።»

በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉኝና ሰው ስለሚያየኝ ፈገግ ብዬ እንድወጣ አዘዙኝ።

ወጣን። ሰዉ ድንኳኑ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀናል። ጋሽ ቱፋ ምሰሶውን ይዘው ቆመዋል፤ ለመዋኘት መምጣታችንን ከነገርኳቸው በኋላ ያን ሁሉ ውሸት ስዋሽ የሰሙ ሰው ናቸው። እኒያ ብስኩት ሻጯ ሴትዮ ከወንበራቸው ተነሡና ለእኛስ፣ ለጎረቤቶቹ፣ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። አፌን ከፈትኩ። ከጠዋት ጀምሮ ያልደረቀው ምላሴ ያን ጊዜ ደረቀ። ሰዉ ፊቴን ያያል፤ ፈገግታዬ ሲጠፋ ይታወቀኛል።

«ለሁላችሁም ሰላም በልልኝ ብሎታል» አሉ እትዬ ዘነበች ከኋላዬ።

ወደ ፊት መጡ። ሻሻቸውን እንደገና አጥብቀው አስረዋል። በየተራ ስም መጥራት ጀመሩ። ብስኩት ሻጯን ሰላም ብሎሻል አሏቸው፤ እሳቸውም እግዜር ይስጠው አሉ። የቀበሌውን ጓድ ሰላም ብሎሃል አሉት፤ ኮፍያውን ነካ አደረገ። ጥሩምባ ነፊውን ሳይቀር በስሙ ጠሩት። አንድም ሰው አልዘለሉም። ድምፃቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆረጠም።

መጨረሻ ላይ ወደ ምሰሶው ዞሩ። «ጋሽ ቱፋ፣ ለእርስዎም ሰላም በልልኝ ብሎታል።»

ጋሽ ቱፋ እኔን አዩኝ። ከዚያ እትዬ ዘነበችን ብዙ አዩዋቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ነጋን ሃ ገሉ» አሉ። «በሰላም ይግባልን።»

ወደ እድሩ ጎረምሶች ዞሩና ድንኳኑን እንዲነቅሉ አዘዙ።